ባለ ብዙ ሲስተም ቡተብል ፍላሽ ምንድን ነው?

የዊንዶውስ፣ የኡቡንቱና የጥገና ፕሮግራሞች መጫኛ ፋይሎች ባንድ ፍላሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ሲነሳ የትኛው እንደሚፈለግ በዝርዝር የሚያቀርብ ፍላሽ ነው። ብዙ ሰው ሲስተሞቹ ራሳቸው ፍላሹ ላይ ተጭነው የሚኖሩ ይመስለዋል፤ የሚቀመጡት ግን መጫኛዎቻቸው ናቸው። እንደ ኡቡንቱና ሚንት ያሉት የሊኑክስ ሲስተሞች ሳይጫኑም ከፍላሹ ላይ ይሠራሉ። ያን ጊዜ የተሠራው ሥራ፣ ለይቶ የሚያስቀምጥ ፋይል ካልተዘጋጀለት በስተቀር፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በተለመደው መንገድ፣ ለምሳሌ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም፣ ፍላሹ ፎርማት ይደረግና የአንድ አይኤስኦ (የሲስተሙን መጫኛ በሙሉ በአንድ የያዘ ፋይል) ይዘት ይበተንበታል። ሁለተኛ ሲስተም ሲፈለግ የመጀመሪያው ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ነፃው ፕሮግራም ቬንቶይ ይህን ቀየረው። ፍላሹን ለሁለት ይከፍለዋል፦ አንዱ 32 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ትንሽ ክፍል ሲሆን ማስነሻው ያለው እዚያ ነው፤ ቀሪው ሰፊ ቦታ በኤክስፋት ፎርማት የተሠራ ተራ ማከማቻ ነው። አይኤስኦው ሳይበተን እንዳለ እዚያ ይቀመጣል፤ ማስነሻውም ፋይሉን በቀጥታ ይከፍተዋል። ስለዚህ ሲስተም መጨመር ፋይል ኮፒ ማድረግ፣ መቀነስም ፋይል ማጥፋት ብቻ ሆነ። ኤክስፋት የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ደግሞ ከ5 ጊጋባይት ያልፋል።

32 ጊጋባይት ፍላሽ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ዊንዶውስ 10ና 11፣ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ክሎንዚላ (ዲስክን እንዳለ የሚቀዳ የጥገና ፕሮግራም) ተደምረው ይገቡበታል። ከመግዛት ይልቅ መፈተሹ ይከብዳል። ገበያ ላይ 64 ወይም 128 ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን 8 ጊጋባይት የሆኑ ፍላሾች አሉ። እነዚህ የሚጻፍባቸውን ሁሉ የተቀበሉ ይመስላሉ፤ ጉዳቸው የሚወጣው መጫኑ መሃል ላይ ሲቆም ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ ስለሚያነበው ሐሰተኛውን ያጋልጣል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አይዝለሉት።

አሠራሩ አጭር ነው። ቬንቶይን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱና ፍቱት፤ የዊንዶውሱን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፍላሹን ምረጡ፣ ኢንስቶል በሉ። ሁለት ጊዜ ያስጠነቅቃል፣ ምክንያቱም ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክም ከተሰካ ከመጀመራችሁ በፊት ንቀሉት። ከዚያ አይኤስኦዎቹን ኮፒ አድርጉ፤ ስማቸውን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት ብትጽፉ ይመረጣል። ሲያበቃ ፍላሹን ኢጀክት ሳታደርጉ አትንቀሉ፣ ያለበለዚያ የመጨረሻው ፋይል ጎደሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በኋላ አዲስ ዕትም ሲወጣ አፕዴት የሚለውን ምረጡ፤ ፋይሎቹን አይነካም።

ለማስነሳት ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ የቡት ሜኑ (ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ነው፦ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰር ላይ ኤፍ12 አልሠራ ካለ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቶ የቡት ሜኑውን ማብራት ያስፈልጋል።

ሰማያዊ ስክሪን ላይ የማረጋገጫ ስህተት ከመጣ ፍላሹ አልተበላሸም፤ ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለው የኮምፒውተሩ ጥበቃ፣ የቬንቶይን ቁልፍ ስለማያውቀው ነው። እሺ ብላችሁ ቀጥሉና በ10 ሰከንድ ውስጥ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ፤ ከዲስክ ቁልፍ መመዝገቢያውን ምረጡ፣ ከቬንቶይ ትንሹ ክፍል የምስክር ወረቀት ፋይሉን አሳዩትና ሪስታርት አድርጉ። በአንድ ኮምፒውተር አንዴ ከተደረገ ይበቃል።

ዊንዶውስ «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» ብሎ ስለ ኤምቢአር ወይም ጂፒቲ (ሁለቱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነቶች) ካነሳ፣ ፍላሹ የተነሳበት መንገድና የዲስኩ አከፋፈል አልተስማሙም ማለት ነው። በዩኢኤፍአይ (ባዮስን በተካው አዲሱ የማስነሻ መንገድ) ከተነሳ ጂፒቲ፣ በድሮው ባዮስ ከተነሳ ኤምቢአር ይፈልጋል። ቬንቶይ በየትኛው እንደተነሳ ስክሪኑ ታች ግራ ጥግ ላይ ይጽፋል። ቶሎ ብሎ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ የሰውን ፋይል ያጠፋል፤ መጀመሪያ ወጥቶ በሌላኛው መንገድ ማስነሳት ይሻላል።

መጫኛው ጭራሽ ዲስክ አላየሁም ካለ ሌላ ነው። 11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ሰበቡ ብዙውን ጊዜ የማከማቻው ድራይቨር (ሲስተሙ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) አለመኖሩ ነው። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ፣ ፈታችሁ፣ እዚያው ፍላሽ ላይ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፤ መጫኛው ላይ ሎድ ድራይቨር ብላችሁ ታሳዩታላችሁ።

አንዱ አይኤስኦ ብቻ እምቢ ሲልና ሌሎቹ ሲሠሩ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአወራረዱ ነው። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ የወረደ 6 ጊጋባይት ፋይል መጠኑ ልክ ሆኖም ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። ሰቨን ዚፕ የሚባለው ፕሮግራም ካላችሁ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የሻ 256 ቁጥሩን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አውጡና አምራቹ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና አውርዱት።