«ፎም አፕ» (foam up) ምን ማለት ነው? እንዴትስ እንጠቀምበታለን?

«ፎም» በእንግሊዝኛ ስምም ግሥም ይሆናል። ስም ሲሆን አረፋ ማለት ነው። ግሥ ሆኖ «አፕ» ሲከተለው ደግሞ አረፋ ማውጣት፣ በአረፋ ኩፍ ማለት ይሆናል። እዚህ ጋ «አፕ»ን «ወደ ላይ» ብሎ መተርጎም ብዙም አይረዳም። ዋናው ሥራው አረፋው እየተነሳና እየበዛ መምጣቱን ማሳየት ነው።

ሁለት አጠቃቀም አለው። ነገሩ ራሱ አረፋ ሲያወጣ፦ «ዘ ሶፕ ፎምድ አፕ»፣ ሳሙናው አረፋ አወጣ። ሰው ወይም ማሽን ሲያደርገው፦ «ሺ ፎምድ አፕ ዘ ሚልክ»፣ ወተቱን አረፋ እንዲሠራ አደረገችው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። «ፎም አፕ ዘ ሚልክ» ትክክል ነው፤ «ፎም ዘ ሚልክ አፕ»ም ትክክል ነው። ወተቱን በ«ኢት» ስንተካው ግን ምርጫ የለም፤ «ኢት» መሃል ይገባል፦ «ፎም ኢት አፕ»። «ፎም አፕ ኢት» ስህተት ነው። ይህን ሕግ በደንብ ያዙት፣ ምክንያቱም «ፒክ ኢት አፕ» እና «ተርን ኢት ኦፍ» ላይም ያው ነው።

ለወተትና ለመጠጥ «ፍሮዝ አፕ»ም (froth up) ይባላል። ሰውነትን ወይም ፀጉርን በሳሙና አረፋ መሸፈን ሲሆን ደግሞ «ላዘር አፕ» (lather up) ይሻላል።

«ፎም አት ዘ ማውዝ» ግን ሌላ ነገር ነው። ቃል በቃል በአፍ አረፋ መድፈቅ ነው፤ ስለ ሰው ሲነገር ብዙ ጊዜ በንዴት ጦፏል ለማለት ነው።