በሳልና በሳቅ ሽንት ማምለጥ ምንድን ነው? የትኛው ሕክምናስ ይሠራል?

ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ከት ብላ ስትስቅ ወይም ከባድ ዕቃ ስታነሳ ሽንት ጠብ የሚልባት ሴት ያለባት ችግር በሆድ ግፊት የሚመጣ ሽንት ማምለጥ ይባላል። ዋናው መለያው ሳሉና ጠብታው እኩል መምጣታቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ሽንት ሽንት የሚል ስሜት የለም። ሽንቷ ድንገት አጣድፏት መጸዳጃ ቤት ሳትደርስ የሚያመልጣት ሴት ችግሯ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊኛው ጡንቻ ያለጊዜው እየተኮማተረ ነው፣ ሕክምናውም ይለያል። ሁለቱም አንድ ላይ ያሉባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ግን፣ በተለይ ከረጅም ምጥ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ፌስቱላ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከታች የሚገለጸው የጡንቻ ልምምድ ፌስቱላን አይዘጋም።

የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሳል ጊዜ የሆድ ግፊት ፊኛውን ይጫነዋል። ሽንት ሳይወጣ የሚቀረው በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ስለሚጨምቀው፣ ከሥሩም የብልት ግድግዳና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ስለሚደግፉት ነው። ድንጋይ ላይ ያለ የውሃ ጎማ ሲረገጥ ውሃው ይቆማል፤ ለስላሳ ጭቃ ላይ ከሆነ ግን ጎማው ይሰምጥና ውሃው መፍሰሱን ይቀጥላል። እርግዝናና በብልት መውለድ፣ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ የቆየ ሳል፣ በሆድ ድርቀት ምክንያት ዘወትር ማማጥ፣ ዕድሜም ይህን ድጋፍ ያላላሉ። በአንዳንድ ሴቶች ደግሞ ድጋፉ ሳይሆን የሚዘጋው ጡንቻ ራሱ ይደክማል፤ እነዚህ ሴቶች በትንሽ እንቅስቃሴ ጭምር ያመልጣቸዋል፣ የቀዶ ሕክምና ውጤታቸውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ፊኛው ሞልቶ እያለ ሴትየዋ ታስላለች፤ ሐኪሙ ሽንቱ ሲወጣ በዓይኑ ያያል። ሽንቱ ለኢንፌክሽን ይመረመራል፣ ከሸናች በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረው መጠን ይለካል፣ ለ3 ቀን የጠጣችውና የሸናችው ይመዘገባል። የፊኛን ግፊት በቀጭን ቱቦ የሚለካው ምርመራ ለሁሉም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የወጣ 630 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ችግራቸው ግልጽ የሆነ ሴቶች ይህን ምርመራ አድርገውም ሳያደርጉም ቢታከሙ ከዓመት በኋላ ውጤታቸው እኩል መሆኑን አሳይቷል፤ በሁለቱም ወገን ሕክምናው ከመቶ 77 ገደማ ተሳክቷል።

የመጀመሪያው ሕክምና የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ነው። ሐኪሙ አርኖልድ ኬግል በ1948 ያስተዋወቁት ይህ ልምምድ ዛሬም ጠንካራ ማስረጃ አለው። በ2018 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንደሚለው በዚህ ዓይነት ችግር ልምምዱን ከሠሩት ሴቶች ከመቶ 56ቱ ድነናል ሲሉ፣ ካልሠሩት ግን 6ቱ ብቻ ናቸው።

ጡንቻውን ለማግኘት ሽንትንም ፈስንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ እንደሚፈልጉ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ። እስከ 6 ወይም 8 ሰከንድ ይያዙ፣ ከዚያ ለተመሳሳይ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። መጀመሪያ ላይ 2 ሰከንድ ብቻ ቢይዝልዎ ከዚያው ይነሱ። ቢያንስ 8 ጊዜ መጭመቅ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ያስፈልጋል። በየመሃሉ ፈጣን ጭመቃም ይጨምሩ፤ ሳል የሚመጣው በድንገት ነውና። ሊያስነጥሱ ወይም ዕቃ ሊያነሱ ሲሉ ቀድመው ጡንቻውን መጭመቅ ለብቻው የሚሠለጠን ዘዴ ነው፤ በ1998 የወጣ ጥናት ሴቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለማምደውት በሳል ጊዜ የሚያመልጣቸው ሽንት መቀነሱን አሳይቷል።

ልምምዱ አልሠራልኝም ከሚሉት ብዙዎቹ የሚሠሩት የተሳሳተውን ነው። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ መቀመጫቸውንና ጭናቸውን ያጠብቃሉ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ያምጣሉ፣ ይህም ድጋፉን ይጎዳዋል። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥንም ልምምድ ማድረግ አይገባም፤ ፊኛው በትክክል እንዳይራገፍ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት በጣት ጡንቻው በትክክል መሥራቱን ቢያረጋግጥ ወራት ከመባከን ይድናሉ። ውድ መሣሪያ ግን የግድ አይደለም። በ2020 የወጣ 600 ሴቶች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት ልምምዱ ላይ ባዮፊድባክ (የጡንቻውን መጨመቅ እየለካ ለሴትየዋ የሚያሳይ መሣሪያ) መጨመሩ ከ2 ዓመት በኋላ የተለየ ጥቅም አላመጣም።

ክብደት መቀነስም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። በ2009 በወጣ ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች በ6 ወር በአማካይ 8 በመቶ ሲቀንሱ፣ በሳምንት ሽንት የሚያመልጣቸው ጊዜ በ47 በመቶ ወርዷል፤ ትምህርት ብቻ በተሰጣቸው ግን በ28 በመቶ። ብልት ውስጥ የሚገባው ፔሳሪ የተባለ መደገፊያ ቧንቧውን ከሥር ስለሚደግፍ ለስፖርት ጊዜ ወይም ገና መውለድ ለሚፈልጉ ይመቻል። ዱሎክሰቲን የተባለው እንክብል ጠብታውን ቢቀንስም ብዙዎች በማቅለሽለሽ ያቋርጡታል። ካረጡ በኋላ በአፍ የሚወሰድ የሆርሞን እንክብል ችግሩን እንደሚያብስ ትልቅ ጥናት በ2005 አሳይቷል። ስለ ሌዘር የሚነገረውን በጥንቃቄ ይስሙ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 በብልት ላይ የሚሠሩ ሌዘሮች ለሽንት ማምለጥ እንዳልጸደቁ ገልጾ አስጠንቅቋል።

ልምምዱ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና አለ። በብዛት የተጠናው ሐኪሙ ኡልፍ ኡልምስተን በ1996 ያስተዋወቁት ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ዓይነት) መረብ ከቧንቧው መካከለኛ ክፍል በታች ሳይወጠር ይቀመጣል። ያለመወጠሩ ነገር ወሳኝ ነው፤ ከጠበቀ ሽንት ይዘጋል። መረቡ ከዳሌ አጥንት ጀርባ ወይም በብሽሽት በኩል ሊያልፍ ይችላል። በ2010 በወጣ ጥናት ሁለቱም መንገዶች ከዓመት በኋላ በፈውስ ተቀራራቢ ነበሩ። የመጀመሪያው ግን ፊኛን ሊወጋ ይችላል፣ ከመቶ 3 ገደማ የሚሆኑትም ለመሽናት ስለተቸገሩ ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ በሁለተኛው እንደ ጭን መደንዘዝና ድካም ያለ የነርቭ ምልክት ከመቶ 9 ገደማ ሲታይ በመጀመሪያው 4 ነበር። መረቡ በብልት ግድግዳ በኩል ሊወጣ፣ የቆየ ሕመምም ሊያስከትል ይችላል፤ ሰውነት ውስጥ ከተያያዘ በኋላ ማውጣቱ ከባድ ነው። ብሪታንያ በሐምሌ 2018 አጠቃቀሙ እንዲቆም ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተጎዱትን ሴቶች አቤቱታ አቅልሎ ማየት ተገቢ አልነበረም።

መረብ የማይፈልጉ ሴቶች ከራሳቸው ሰውነት በሚወሰድ ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራ መደገፊያ ወይም በርች የሚባለው የስፌት ቀዶ ሕክምና አላቸው። ሁለቱን በ655 ሴቶች ያነጻጸረው የ2007 ጥናት የ“ፈውስ” ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ያስተምራል። በሳልና በመሰል ጊዜ የሚያመልጠው ብቻ ሲታይ መደገፊያው ከመቶ 66 ተሳክቷል። የሽንት ማስታወሻው፣ ያመለጠውን ሽንት ለማወቅ የሚመዘነው ፓድ፣ ማናቸውም ዓይነት ማምለጥ ሲጨመር ግን እነዚያው ሴቶች፣ በዚያው ቀዶ ሕክምና፣ ወደ 47 ይወርዳሉ። በርች 49 እና 38 ነበር። መደገፊያው በፈውስ ቢበልጥም ለመሽናት መቸገርን ከመቶ 14 ሴቶች ላይ አምጥቷል፤ በርች ከመቶ 2 ላይ።

በ2013 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ 460 ሴቶችን በዕጣ ወደ ፊዚዮቴራፒና ወደ መረብ መደባቸው። ከዓመት በኋላ ተሻለኝ ያሉት በመረብ በኩል ከመቶ 91፣ በፊዚዮቴራፒ በኩል 64 ነበሩ። ከፊዚዮቴራፒ ምድብ ግማሽ ያህሉም ወደ ቀዶ ሕክምና ተሻግረዋል። ይህን አንብቦ ልምምዱን መዝለል ስህተት ነው እላለሁ፤ ግማሽ ያህሉ ሳይቀደዱ ቀርተዋል፣ ልምምዱም ሽንት አይዘጋም፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገርም የለውም። በቧንቧው ግድግዳ የሚወጋው ማወፈሪያ ጄል በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ በ2020 በታተመ የፊንላንድ ጥናት ከዓመት በኋላ ከመቶ 60 ገደማ ሴቶችን ሲያረካ መረቡ 95ቱን አርክቷል፣ ጄሉ ግን ከባድ ጉዳት እምብዛም የለውም፤ ሊደገምም ይችላል።

ገና መውለድ የምታስብ ሴት ቀዶ ሕክምናውን ብታዘገየው ይሻላል፤ የሚቀጥለው እርግዝና ውጤቱን ሊያበላሸው ይችላል። ከመፈረሟ በፊት ሐኪሙን ይህን ትጠይቅ፦ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ተሳካ የሚሉት በምን መለኪያ ነው? መሽናት ካቃተኝ ወይም ሕመም ከቀረኝ ማን ያየኛል? መረቡን ማውጣት ቢያስፈልግ የት ይወጣል?