መንግሥት ሲቀየር ባቡሩ ይቆማል? ስለ አሜሪካ የባቡር በጀት የምንሳሳተው

በዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ግዛት ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቦኒፋንት ጎዳና ያለፈ ሰው ሐዲዱን አይቶታል። መንገዱ ላይ ተነጥፏል፤ ዳርና ዳሩ ሱቅና ቡና ቤት ነው። ከባለቤቶቹ መካከል የእኛ ሰዎችም አሉ። ፐርፕል ላይን የተባለው ይህ የከተማ ባቡር መስመር በ2022 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ አሁን የሚወራው ስለ 2027 ማብቂያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለምን ዘገየ ብለው ቢጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ “መንግሥት ተቀያየረና ነዋ!” እስቲ ከዚሁ እንጀምር።

“ፐርፕል ላይንን ያዘገየው ምርጫ ነው”

አይደለም። መጀመሪያ የፍርድ ቤት ክርክር ያዘው። ቀጥሎ ሥራ ተቋራጩ ከሜሪላንድ ግዛት ጋር በወጪ ተጣላና በ2020 ጥሎ ወጣ። የፌዴራሉ 900 ሚሊዮን ዶላር ግን በ2017 በትራምፕ ጊዜ ተፈርሟል። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የትራምፕ የበጀት ሐሳብ ገና ላልተፈረመላቸው አዳዲስ መስመሮች ገንዘብ አይሰጥ ይል ነበር።

“ፕሬዚዳንቱ በቃ ካሉ በቃ ነው”

ከኋይት ሐውስ የሚመጣው በጀት ሐሳብ ነው። ቦርሳው ያለው ኮንግረስ እጅ ነው። ሬገን በ1985 ለአገር አቀፉ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት ለአምትራክ ሰባራ ሳንቲም አይሰጥ ብለው ነበር፤ አምትራክ ይኸው ዛሬም ይሄዳል። ትራምፕም በ2017 የረጅም ርቀት ባቡሮች ድጎማ ይቅር አሉ። በዓመቱ ሪፐብሊካኖች የሚበዙበት ኮንግረስ የአምትራክን በጀት ጭራሽ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍ አደረገው። ለምን ቢባል፣ ባቡሩ ካንሳስና ሞንታና ውስጥ ትናንሽ ከተሞች ላይ ይቆማል። የዚያ አገር ሴናተር “ጣቢያችንን ያዘጋው እሱ ነው” ተብሎ ለምርጫ መቅረብ አይፈልግም።

ፕሬዚዳንት ግን ማዘግየት ይችላል። ኒውዮርክንና ኒው ጀርሲን የሚያገናኘው የባቡር ዋሻ የተከፈተው በ1910 ነው። በ2012 በአውሎ ነፋስ ጊዜ የባህር ውሃ ገብቶበት ጨው እየበላው ነው። እሱን እንዲያግዝ የታሰበው አዲስ ዋሻ ገንዘቡ ተፈቅዶ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ ቁፋሮ ተጀምሮ ሳለ በጥቅምት 2025 የትራምፕ አስተዳደር ክፍያውን አገደው። ቁፋሮ ላይ ላለ ሰው የዘገየ ክፍያ ከተከለከለ ክፍያ ብዙም አይለይም።

“ዴሞክራት ለባቡር፣ ሪፐብሊካን ለመኪና”

ይህ ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ነው። አምትራክን የወለደውን ሕግ በ1970 የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ኒክሰን ናቸው። በ1979 በርካታ የረጅም ርቀት መስመሮች የተዘጉት ደግሞ በዴሞክራቱ ካርተር ዘመን ነው። የሜሪላንዱ ሪፐብሊካን ገዥ ሆጋንማ በ2015 በአንድ ቀን ለፐርፕል ላይን እሺ፣ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ለታሰበው የባቡር መስመር ለሬድ ላይን እምቢ አሉ። ለሬድ ላይን ተይዞ የነበረው 900 ሚሊዮን የፌዴራል ዶላር ቀረ። ዴሞክራቱ ገዥ ሙር በ2023 ሥራው እንዲነሳ ወሰኑ። በመሃል ስምንት ዓመት ሄዷል፤ ዋጋ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለአዲስ መስመር ከፕሬዚዳንት ይልቅ የሚያሰጋው የግዛት ገዥ ነው።

“በቢሊዮን ተመድቦ የሜትሮ ዋጋ መጨመሩ አዲስ መንግሥት ስለመጣ ነው”

የሐዲድ መሥሪያና የሹፌር ደመወዝ ኪሳቸው ለየቅል ነው። ከ1998 ጀምሮ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች መደበኛውን የፌዴራል የትራንስፖርት ገንዘብ ለዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃ እንዳያውሉት ሕጉ ይከለክላል፤ ትንንሽ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። በኮቪድ ጊዜ የአደጋ ገንዘብ መጣ፤ እሱ ሲያልቅ የዋሽንግተን ሜትሮ ቀዳዳ ታየ። በሰኔ 2024 መጨረሻ ታሪፉ 12.5 በመቶ ጨመረ። ያኔ ኋይት ሐውስ የነበሩት ከ2021 ጀምሮ ሥልጣን ላይ የቆዩት ባይደን ናቸው እንጂ አዲስ መንግሥት አልነበረም።

“ገዥው ገንዘቡን ሲመልስ ለግብር ከፋዩ ቆጠበለት”

በኅዳር 2010 ምርጫ ዊስኮንሰን፣ ኦሃዮና ፍሎሪዳ አዳዲስ ሪፐብሊካን ገዥዎች መረጡ። ሦስቱም የፌዴራል የባቡር ገንዘብ አንፈልግም አሉ፦ ዊስኮንሰን 810 ሚሊዮን፣ ኦሃዮ 400 ሚሊዮን፣ ፍሎሪዳ 2.4 ቢሊዮን ዶላር። ገንዘቡ ግን ማንም ኪስ አልገባም። ካሊፎርኒያንና ሌሎች ግዛቶችን አዳረሰ። የዊስኮንሰን ሰው ግብሩን እንደ ወትሮው ከፈለ፤ ባቡሩ ሌላ ሰፈር ሄደ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ዊስኮንሰን ከምርጫው በፊት በነበረው ገዥ ጊዜ ሁለት አዳዲስ ባቡሮች አዝዛ ነበር። ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ተገጣጠሙ። አዲሱ አስተዳደር የጥገና ጣቢያ አልሠራም አለና ውሉ ፈረሰ። ክስ መጣ፤ ግዛቲቱ ከፍላም ባቡር ሳይኖራት ቀረች። ባቡሮቹ አንድ መንገደኛ ሳይጭኑ ዓመታት ቆሙ። በ2022 የናይጄሪያዋ ሌጎስ ግዛት ገዛቻቸው። አሁን ሌጎስ ውስጥ ሰው ያመላልሳሉ።