የአይሶቶፕ ክትትል ምንድን ነው? የቢራቢሮ አገሯ በክንፏ እንዴት ይታወቃል?

መስከረም ላይ ጎንደር ዙሪያ አደይ አበባ ላይ የምናያት ቢራቢሮ እዚሁ ያደገች ናት ወይስ ከሌላ አገር የመጣች? ለወፍ ቢሆን እግሯ ላይ ቀለበት ይታሰራል፣ አንድ ግራም እንኳ የማትሞላ ቢራቢሮ ላይ ግን ምልክት ብትለጥፍስ ማን መልሶ ያገኛታል። አይሶቶፕ ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው፣ ምልክቱን ራሷ ይዛው ትመጣለች።

አይሶቶፕ ማለት ያው አንዱ ንጥረ ነገር ሆኖ ክብደቱ የሚለያይ አተም ነው። ተራው ሃይድሮጅን ኒውትሮን የለውም፣ ዲውተሪየም የሚባለው ግን አንድ ስላለው እጥፍ ያህል ይከብዳል (ጨረር የለውም፣ የምንጠጣው ውሃ ውስጥም አለ)። ደመና ከባህር ተነስቶ ወደ መሀል አገር ሲገባ ዲውተሪየም ያለበትን ከባዱን ውሃ ቀድሞ ያራግፋል፣ ስለዚህ ከባህር በራቅክና ከፍታ በወጣህ ቁጥር ዝናቡ ላይ ዲውተሪየም እየቀነሰ ይሄዳል። ያንን ዝናብ ተክሉ ይጠጣል፣ ተክሉን አባጨጓሬዋ ትበላለች፣ ክንፏም ከዛው ይሰራል፣ ክንፍ ደግሞ አንዴ ከደረቀ በቃ አይታደስም፣ ሺ ኪሎሜትር በርራ የሌላ አገር አበባ ብትቀስምም ክንፏ ላይ ያለው ያደገችበት አገር ዝናብ ነው። ከክንፏ ቁራጭ ተወስዶ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል ማሽን ይለካና የዝናቡን ዲውተሪየም በየቦታው ከሚያሳይ ካርታ ጋር ይተያያል።

በ1998 እ.ኤ.አ. ዋሰናር እና ሆብሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሜክሲኮ የሚከርሙትን ሞናርክ ቢራቢሮዎች እንዲህ ለክተው ግማሽ ያህሉ ከአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ እንደመጡ አሳዩ። እኔን በጣም የገረመኝ ግን የፔይንትድ ሌዲ ቢራቢሮዎች ነገር ነው። በ2013 ፍሬንች ጊያና ባህር ዳርቻ ላይ ተገኙ፣ ደቡብ አሜሪካ ደግሞ አገራቸው አይደለም። በ2024 የወጣው ጥናት ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው 4,200 ኪሎሜትር አትላንቲክን በንፋስ እየታገዙ እንደተሻገሩ አሳየ! ይሄ በአይሶቶፕ ብቻ አልተደረሰበትም፣ ዲኤንኤው፣ ሰውነታቸው ላይ የተገኘው የአፍሪካ ቁጥቋጦ የአበባ ብናኝ፣ የንፋሱ አቅጣጫ ሁሉ ተደምሮ ነው።

ምክንያቱም ሃይድሮጅን የሚሰጥህ ሰፊ ቀጠና እንጂ ቀበሌ አይደለም። ለዛ ነው ከአለቱ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ተክል የሚያልፈው ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር አብሮ የሚለካው።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ዝናቧ ግን ለከፍታዋ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ አይሶቶፕ አለው፣ የከፍታው ቀመር እንዳለ አይሰራም ማለት ነው። ስለዚህ የጎንደርን ቢራቢሮ ክንፍ ከውጭ በመጣ ካርታ ማንበብ ያሳስታል፣ መጀመሪያ ከደምቢያ ሜዳ እስከ ደባርቅ ዝናባችን በየወሩ ተሰብስቦ ይለካ፣ ክንፉ ከዛ በኋላ ይደረስበታል።