ውሻን በተሽከርካሪ በደህና ማጓጓዝ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

ውሻን በተሽከርካሪ በደህና ማጓጓዝ ማለት ውሻው በጉዞ ላይ ከቦታው እንዳይወረወር፣ ዘሎ እንዳይወርድ፣ ሾፌሩን እንዳያውክና ተሳፋሪ እንዳይነክስ በደረት ማሰሪያ፣ በሳጥን ወይም በፍርግርግ ይዞ መጓዝ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ውሻ የሚጓጓዘው በቤት መኪና ብቻ ሳይሆን በባጃጅ፣ በሚኒባስ፣ በፒካፕ፣ በአይሱዙና በሞተር ጀልባም ጭምር ስለሆነ፣ ለአንድ ዓይነት መኪና ታስቦ በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ተወስዶ አይሠራም።

በአካባቢው ውሻ ለረጅም ዘመን ከብት ጠባቂና ቤት ጠባቂ ሆኖ ከባለቤቱ ኋላ በእግሩ የሚሄድ እንስሳ ነበር። ዛሬ ከሚጓጓዙት መካከል ከአዲስ አበባ ተገዝተው የሚመጡ ቡችሎች፣ ቤት ሲቀየር አብረው የሚነሡ የጥበቃ ውሾችና ወደ እንስሳት ሐኪም የሚወሰዱ በሽተኞች ይገኙበታል።

ጉዳቱ ከምን ይመጣል

መኪና ውስጥ ያለ ውሻ መኪናው በሚሄድበት ፍጥነት ይሄዳል፤ መኪናው በድንገት ሲቆም ግን የሚይዘው ነገር ከሌለ እርሱ አይቆምም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲበር የተጋጨ መኪና ውስጥ ያለ፣ ያልታሰረ ውሻ ከፊቱ ያለውን ነገር የሚመታበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ መሬት ከሚመታበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ፍጥነቱ 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ወደ 25 ሜትር ያድጋል። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀምጦ ይህ ቢደርስ፣ አደጋው የውሻው ብቻ እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ከግጭት ይልቅ ዘወትር የሚያጋጥመው ድንገተኛ ፍሬን ነው። በዘንባባ የተዋበችው ከተማችን ሰፋፊ መንገዶች አሏት፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የሚያኮራ ሥራ ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ሲሆን ግን ሾፌር ነዳጅ መርገጡ፣ ከዳር ደግሞ ባጃጅ ወይም አህያ መግባቱ አይቀርም። ያልታሰረ ውሻ በዚህን ጊዜ ከኋላ ወንበር ወደ ወለሉ ይወርድና እግሩን ወይም መንጋጋውን ይሰበራል፤ ትንሽ ከሆነም ፍሬን ከሚረገጥበት እግር ሥር ሊገባ ይችላል።

የደረት ማሰሪያ

የመጀመሪያው ደንብ ውሻ በተሽከርካሪ ውስጥ በአንገቱ አይታሰርም የሚለው ነው። የአንገት ማሰሪያ በእግር ሲሄዱ ለመያዝ እንጂ የተወረወረ ሰውነትን ለማቆም አልተሠራም፤ ክብደቱ በሙሉ በትንፋሽ ቧንቧና በአንገት አጥንት ላይ ያርፋል። የደረት ማሰሪያ ግን ሰፊ ጠፍሮቹን በደረት አጥንትና በጎድን ላይ አሳልፎ ኃይሉን ያከፋፍላል፤ ከመኪናው ጋር የሚያያዘውም በጀርባ በኩል ነው።

በዚህ ርእስ የተሻለ የተሰነደው የአሜሪካው የቤት እንስሳት ደህንነት ማዕከል ሥራ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መግለጹ ተገቢ ነው። ማዕከሉን ያቋቋሙት ሊንድሲ ዎልኮ ወደዚህ ሥራ የገቡት፣ ማሰሪያ ለብሳ የነበረችው የራሳቸው ውሻ በድንገተኛ ፍሬን ክፉኛ ከተጎዳች በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በሱባሩ ኩባንያ ድጋፍ በተደረገው ፍተሻ፣ ሕያው እንስሳ ሳይነካ፣ ወደ 11፣ 20 እና 34 ኪሎ የሚመዝኑ የውሻ አምሳያዎች ማሰሪያ ለብሰው የግጭት ሙከራ ተደረገባቸው። በገበያ ላይ «ለመኪና ጉዞ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል የተመረጡት ማሰሪያዎች አንዳንዶቹ ስፌታቸው ተተረተረ፣ አንዳንዶቹ መቆለፊያቸው ተሰበረ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሳይበጠሱ ቢቀሩም አምሳያውን ከወንበሩ አሽቀንጥረው ለቀቁት። በሦስቱም መጠን ውሻውን ወንበሩ ላይ ይዞ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት የዕቃው ስም ሳይሆን የመበላሸቱ አኳኋን ነው፤ ድክመቱ የሚገኘው ጨርቁ ላይ ሳይሆን ስፌቱና የፕላስቲክ መቆለፊያው ላይ ነው፣ ረጅም ማያያዣም ውሻው ከመያዙ በፊት እንዲወረወር ዕድል ይሰጠዋል።

ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ ማሰሪያ የሚያሰፋ ሰው ለቆዳ ሠሪው ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ። ከአሮጌ መኪና የሚፈታ የወንበር ቀበቶ 5 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ስፋትና ከፍተኛ ጥንካሬ ስላለው ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው፤ በግጭት ጊዜ የተወጠረ፣ ጠርዙ የተተረተረ ወይም በፀሐይ የነጣ ግን አይሁን። የሚጋጠምበት ቦታ በአንድ መስመር ሳይሆን በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ በመካከሉ በመስቀለኛ ይደገም፤ ቀለበቱና መቆለፊያው ብረት ይሁን። ተለክቶ ሲለበስ በጠፍሩና በውሻው ገላ መካከል ሁለት ጣት ብቻ መግባት አለበት፤ በብብቱ ሥር የሚያልፈው ክፍል ደግሞ ቆዳውን እንዳይልጠው ለስላሳ ጨርቅ ይደረግለት። ማያያዣው ውሻው ተቀምጦ ለመተኛት የሚበቃው፣ ከወንበሩ ጠርዝ ግን የማያሳልፈው ርዝመት ይኖረዋል። ቦታው የኋላ ወንበር ነው፤ የፊት ወንበር የአየር ከረጢት ካለው፣ ከረጢቱ ለጎልማሳ ሰው ተመጥኖ የሚነፋ ስለሆነ ውሻን ሊገድል ይችላል።

ሳጥን

ሳጥን ከማሰሪያ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው አከራካሪ ነው፤ ለቡችላና መኪና ላልለመደ ውሻ ግን ሳጥን እንደሚሻል አያጠራጥርም። ለአየር ጉዞ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የሚጠቀምበት አለካክ ለእንጨት ሠሪም ይመቻል፦ ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሥር ያለው ልክ ሲደመር ከመሬት እስከ ክርን ያለው ቁመት ግማሽ፣ ስፋቱ የትከሻው ስፋት እጥፍ፣ ከፍታው ደግሞ ቆሞ እስከ ጭንቅላቱ ወይም እስከ ጆሮው ጫፍ ያለው ነው፤ ምንጣፍ ከታከለ ውፍረቱ ይጨመራል። ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሥር 90 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ክርኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ውሻ 110 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሳጥን ያስፈልገዋል ማለት ነው። በመኪና ሲሆን ጠበብ ቢል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም ሰፊ ሳጥን ውስጥ ውሻው ራሱ ከግድግዳው ጋር ይላተማል የሚል ነው። በአጭር ጉዞ ይህ ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ጣውላው የቱንም ያህል ቢጠነክር ያልታሰረ ሳጥን ከነውሻው ይወረወራል። ምስማር በንዝረት ስለሚላቀቅ ማዕዘኖቹ በብሎን ይያዙ፤ የምስማር ጫፍ ወደ ውስጥ እንዳያፈጥ በእጅ እየተዳሰሰ ይፈተሽ። ሳጥኑ ከመኪናው ወለል ወይም ከወንበር እግር ጋር ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ይታሰራል። ቡችላን በማዳበሪያ ከረጢት ጨምሮ አፉን ቋጥሮ መጫን ግን ማጓጓዝ ሊባል አይችልም፤ ማፈን ነው።

በየተሽከርካሪው

ባጃጅ በሁለቱም ጎን ክፍት ወይም በሸራ የተጋረደ ስለሆነ ለውሻ ትልቁ አደጋ ዘሎ መውጣት ነው። ውሻው የደረት ማሰሪያ ለብሶ ከኋላ ወንበር ብረት ጋር በአጭሩ ይታሰርና ባለቤቱ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ማያያዣው በየትኛውም ጎን ከጠርዙ የሚያሳልፈው መሆን የለበትም፣ አለዚያ ሲዘል ተንጠልጥሎ ይጎተታል። በሚኒባስ ከመሳፈር በፊት ሾፌሩንና ረዳቱን ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪዎችንም ማስፈቀድ ወግ ነው። ብዙ ሙስሊም ተሳፋሪዎች የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ከሶላት በፊት መታጠብ አለበት ብለው ስለሚያምኑ፣ ውሻውን በሳጥን አድርጎ ከበሩ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ክርክር ያስቀራል። ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን በነፋሱም በፀሐዩም ምክንያት ፈጽሞ አይመከርም።

በፒካፕና በአይሱዙ ስፖንዳ ላይ የሚታየው የተለመደ አሠራር አንገትን በገመድ ማሰር ነው። ገመዱ ረጅም ሲሆን ውሻው ስፖንዳውን ዘሎ ይሰቀላል፤ አጭር ሲሆን ደግሞ መኪናው በታጠፈ ቁጥር አንገቱ ይታነቃል። መፍትሔው ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ የታሰረ ሳጥን ነው። ከበታቹ ያለው ላሜራ በቀትር እግር ያቃጥላልና ጆንያ ወይም ምንጣፍ ይነጠፍለት።

ወደ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄድ ሰው ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ ለብቻው ሊያስብበት ይገባል። መንገዱ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ በየሺህ ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲጨምር፣ ጠመዝማዛው ደግሞ በተለይ ቡችላን ያስመልሳል። ከጉዞው በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ መከልከል፣ ውኃ ግን አለመከልከል ይረዳል፤ ማሮፒታንት የተባለውን የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት የሚያዘው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሰው የሚወስደውን ማስታገሻ በግምት መስጠት አደገኛ ነው። በየኬላው ለፍተሻ ሲቆም፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት የውሻው ማያያዣ በእጅ መያዙን ማረጋገጥ ይገባል።

ሙቀት

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትሩ ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ውጪው ከ22 እስከ 36 ዲግሪ በሆነባቸው ፀሐያማ ቀናት የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ከዚህም 80 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ይመጣል፤ መስኮት ጥቂት መክፈትም እምብዛም አያግዝም። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋነኛነት በማለክለክ ስለሆነ፣ አፉን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ የጨርቅ ማሰሪያ በጉዞ ላይ ይጎዳዋል። መናከስ የሚያሰጋ ከሆነ አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክ የሚፈቅደው ቅርጫት መሰሉ የአፍ መሸፈኛ ይመረጣል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ከሌሎቹ ፈጥነው ይታፈናሉ።

ሕግና ጤና

በብሪታንያ የመንገድ ደንብ አንቀጽ 57 ውሻ በቀበቶ፣ በመያዣ ሣጥን፣ በሽቦ ቤት ወይም በፍርግርግ እንዲያዝ ያሳስባል፤ በጀርመን ደግሞ ውሻ በትራፊክ ሕግ ዓይን እንደ ጭነት ታይቶ እንዳይንሸራተት መያዝ አለበት። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ወጥቶ ነበር።

ከጉዞ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሰጠቱ፣ ማስረጃውም አብሮ መያዙ ይገባል፤ ቡችላ በተለምዶ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። በጉዞ ላይ ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ምርምርና ምርመራ ላቦራቶሪ መኖሩ ለአካባቢው ትልቅ ጥቅም ነው።

በሐይቁ ላይ

በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎርጎራ ሲኬድ ደንቡ ይገለበጣል፤ በመኪና ላይ የሚያድነው ማያያዣ ጀልባ ቢገለበጥ ያሰጥማል። ውሻው የደረት ማሰሪያ ይለብሳል፤ ማያያዣውን ግን ባለቤቱ በእጁ ይይዘዋል እንጂ ከጀልባው ብረት ጋር አይቋጥረውም። ማዕበሉ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የማለዳ ጉዞ ይመረጣል። ወደ ገዳማት የሚሄድ ሰው ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ እንደማይገባ አስቀድሞ አውቆ፣ ወደቡ ላይ የሚይዝለት ሰው አብሮ ይዞ ይሄዳል።