ፒስ ምንድን ነው? ስለዚህች «46 ኪሎ» አንድ ነገር ልበላችሁ

ሰሞኑን አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ስለ ሻንጣ ሲያስረዳ ሰማሁት። «ወደ አሜሪካ የምትጓዙ፣ 46 ኪሎ ተፈቅዶላችኋል፤ እንደፈለጋችሁ አከፋፍላችሁ ያዙ» ይላል። ከስሩ ምስጋና በምስጋና ሆኗል። እኔ ደሴ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ይህችን 46 ኪሎ ከደንበኛ አፍ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ስቄ አልፋት ነበር። አሁን ግን እንደ እውቀት እየተሰራጨች ነውና ዝም ማለት አቃተኝ።

46 ኪሎ የሚባል ፈቃድ የለም። ያለው ሁለት ፒስ፣ ማለትም ለየብቻ የሚመዘን ሁለት ሻንጣ ነው፤ አንዱ ፒስ ከ23 ኪሎ አይበልጥም። «ታዲያ 23 እና 23 ስንት ነው?» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። 46 ነው፤ ሒሳቡ ላይ ጠብ የለንም። ችግሩ ካውንተር ላይ የሚደምርላችሁ ሰው አለመኖሩ ነው። ሚዛን ላይ የሚወጣው አንድ ሻንጣ ነው። የሚነበበውም የዚያው ሻንጣ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ሌላው ይወጣል።

ከገበያ እህል ልታመጡ ሁለት አህያ ተከራያችሁ እንበል። ባለአህያው «ባንዱ ጀርባ ከዚህ በላይ አይጫንም» ብሏችኋል። እናንተ አንደኛውን እስኪንበረከክ ጫናችሁት፤ ሁለተኛው ግማሽ ቁና ይዞ እየተንጎማለለ ይሄዳል። ባለአህያው ሲቆጣ «በድምር እኮ ልክ ነኝ» ብትሉት ምን ይላችኋል? አህያ መደመር አያውቅም። የሚያውቀው የራሱን ጀርባ ነው። ፒስ ማለት አህያው ነው። 23 ኪሎው የጀርባው አቅም ነው። ያኛው አህያ ባዶውን መሄዱ ለዚህኛው ምንም አይፈይድለትም።

ባሏ ዘንድ ወደ አሜሪካ የምትሄድ አንዲት ደንበኛዬ የዚህን ሰውዬ ዓይነት ምክር ሰምታ ነበር ያሸገችው። ከባድ ከባዱን ባንድ፣ ልብሱን ባንድ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የቡና ሙቀጫ ሳይቀር አንዱ ሻንጣ ውስጥ ገባ። ቦሌ ሲመዘን አንዱ 31፣ ሌላው 14 ሆነ። «እንዲያውም አንድ ኪሎ ይቀረኛል» ብላ ስትከራከር ከኋላዋ ሰልፉ ይንጫጫል። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሻንጣዋን ከፈተች። በርበሬው በፌስታል ላይ ፌስታል፣ በዚያ ላይ በስኮች ተጠምጥሟል። ጎረቤት ናት ያሰረችላት፣ መንገድ ላይ እንዳይፈስ ብላ። ሽሮውም እዚያው አብሮ ታስሮ ሁሉም አንድ ጡብ ሆኗል። ልክፈለው ብትል መቀስ የለም። ሸኚዎቿ ውጭ ቀርተዋል፤ ትርፉን ልስጥ ብትል ተቀባይ የለም። ጡቡ እንዳለ ወደ ልብሱ ሻንጣ ተዛወረ። ሚዛኑ ተስተካከለ፣ ዚፑ ግን አልዘጋ አለ። አንዱ ጋቢ ወጥቶ ትከሻዋ ላይ ተደረበ። ጋቢ ደርባ ዋሽንግተን ገባች። ይህ ሁሉ የሆነው በድምር ልክ ሆና ነው።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ ስል አንድ ነገር ልጨምር። 23.4 ወይም 24 ሲሆን አይታ ዝም የምትል ካውንተር ላይ ያለች ልጅ አለች። እሷ የምታደርገው መልካምነት ነው፤ መብታችሁ አይደለም። «ባለፈው 25 አሳልፈውኛል» ብላችሁ ብትጮሁባት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ደንቡን ያወጣችው እሷ አይደለችም።

ከ46 ኪሎ ቀጥሎ የሚያናድደኝ «ትርፍ ኪሎ» የሚሉት ነው። ሰው ሁሉ በትርፏ ኪሎ ልክ የሚከፍል ይመስለዋል። ሻንጣዬ 26 ነው፣ የሦስት ኪሎ እከፍላለሁ ይላል። በፒስ ስርዓት ብዙዎቹ አየር መንገዶች እንደዚያ አያስከፍሉም። ከ23 በላይ እስከ 32 ያለው አንድ ዋጋ ነው። 24ም ሁኑ 31 ያው ናችሁ። ሦስተኛ ሻንጣ ካመጣችሁ የራሱ ዋጋ አለው። መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ከሆነም የራሱ ዋጋ አለው። እነዚህ ደግሞ ይደራረባሉ። አንድ ሻንጣ ትርፍም፣ ከባድም፣ ግዙፍም ሆኖ ሦስቴ ሊከፈልበት ይችላል። ስለዚህ አንዳንዴ ሁለቱን አህያ ከማስጨነቅ ሦስተኛ መከራየት ይረክሳል። ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ አስሉት። ብዙ አየር መንገዶች ትርፍ ሻንጣን አስቀድሞ ለከፈለ ይቀንሳሉ።

ከ32 ኪሎ በላይ ያለ ሻንጣ ግን በገንዘብም አያልፍም። «እከፍላለሁ እኮ!» የሚል ሰው ሁሌ አለ። ያቺ ቁጥር የሻንጣ ጫኞችን ወገብ ለመጠበቅ የተቀመጠች ናት። ሻንጣውን አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚደረድረው ሰው ነው።

መጠንም አለ። የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። አያችሁ፣ እዚህ ላይ መደመር አለ። ሰውዬው መደመር ከወደደ እዚህ ይደምር። ተጓዦቼ የሚያመጡት ትልቁ ባለዚፕ የማዳበሪያ ሻንጣ ሲሞላ ይነፋል፣ ይህችን ቁጥር ያልፋል። መሶብማ አይነሳ። መሶቡ አራት ኪሎ ነው ብላችሁ ደስ ይላችኋል፤ ዙሪያው ግን አህያው በር ላይ እንዲቀረቀር ያደርገዋል።

አሁን ለሰውዬው ፍትሐዊ ልሁን። እሱ የሚለው የሚሠራበት ቦታ አለ። አንዳንድ አየር መንገዶች፣ በተለይ በአንዳንድ የዓረብ አገር መስመሮች፣ ፈቃዱን በጠቅላላ ኪሎ ይሰጣሉ። ከወሎ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ዱባይ የሚሄዱ እህቶቻችን ትኬት ላይ ይህ ያጋጥማል። ያኔ 30 ኪሎ ከተጻፈ ድምሩ 30 ነው። ድምሩ ከዚያ የበለጠ ቢሆንም ግን አንዱ ሻንጣ ከ32 አይበልጥም። ችግሩ የዓረብ አገሩን ልምድ ይዞ ለአሜሪካ ተጓዥ መምከሩ ነው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ትኬታችሁ ነው። አጎታችሁ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ባጌጅ የሚለው አምድ ስር ተመልከቱ። ከቁጥሩ ጎን ፒ እና ሲ የሚሉ ፊደላት ካሉ በፒስ ነው። ኬ ካለ በኪሎ ነው። ኒል ካለ ምንም የላችሁም፤ ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብላችሁ የተደሰታችሁበት ምክንያት እሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በብዙ ዓለም አቀፍ መስመሮች ለኢኮኖሚ ሁለት ፒስ ይሰጣል፣ ግን የትኬቱ ዓይነት ሊለውጠው ስለሚችል «እነሱ ሁለት ይሰጣሉ» ብላችሁ በጭፍን አትሂዱ።

ከደሴ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ኮምቦልቻ አለ። የኮምቦልቻ አዲስ አበባው በረራ ከዋናው ጋር በአንድ ትኬት ከተቆረጠ ፈቃዱ ከኮምቦልቻ ይጀምራል። ለየብቻ ከገዛችሁት ግን ሁለት ባለአህያ ነው ያላችሁ። የመጀመሪያው የአገር ውስጡን ፈቃድ ነው የሚያውቀው፣ እሱም ያነሰ ነው። ማታ «አዲስ አበባ ድረስ የሚወስደኝን ርካሽ አግኝቻለሁ» ይሉኛል፣ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ ለትርፍ ሻንጣ ይከፍላሉ። እዚያ የሚመጣው ኪው 400 የሚባለው ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ የእጅ ሻንጣ በር ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል። ዕቃ የበዛበት ሰው 400 ኪሎ ሜትር ገደማውን በመኪና ቢሄድ አልፈርድበትም።

በአንድ ትኬት አየር መንገድ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ደንቡ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም አሜሪካ የሚያበቃ ጉዞ ከሆነ፣ መጀመሪያ የተጻፈው አየር መንገድ ደንብ እስከ መጨረሻው ይሠራል። አህያው መንገድ ላይ እጅ ቢቀይርም ውሉ ያው ነው። አሜሪካ መጀመሪያ የምታርፉበት ከተማ ላይ ግን ሻንጣችሁን ራሳችሁ ተቀብላችሁ፣ በጉምሩክ አሳልፋችሁ፣ መልሳችሁ ታስረክባላችሁ። ሻንጣው ላይ በሚታሰረው ታግ የመጨረሻው ከተማ ስለተጻፈ ብቻ ትታችሁት አትሂዱ።

ቤተሰብ ሆናችሁ ስትሄዱም ያው ነው። አምስት ሰው ከሆናችሁ አሥር ፒስ አላችሁ። አንድ ላይ ቼክ ኢን ካደረጋችሁ የልጁ ሻንጣ ውስጥ የአባትየው ልብስ መኖሩን ማንም አይጠይቅም። «230 ኪሎ አለን» ግን እንዳትሉኝ።

የእጅ ሻንጣ በብዙ መስመር ሰባት ኪሎ ነው። እዚህ ላይ ሰው የተረፈውን ሽሮና በርበሬ ይጨምራል። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከያዛችሁ ለብቻው ይፈተሻል፣ ላያልፍም ይችላል። ዱቄት ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ። ማር እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አይያዝም። ፓወር ባንክ በተቃራኒው ነው፣ እሱ በእጅ ብቻ። ቋንጣ ወደ አሜሪካ አይገባም። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች አይገቡም፤ እናትየው አንጥራ በስንት ልፋት የሞላችውን ቆርቆሮ ጉምሩክ ሲጥለው ማየት ልብ ያደማል። በቤተሰብ የቆየ የብራና ዳዊት ወይም በእጅ የተጻፈ ኪታብ የምትይዙ፣ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ወረቀት አትነሱ።

ወርቅ፣ መድኃኒት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ኤምባሲ የሰጣችሁ የታሸገ ፖስታ ካለ እሱም፣ ከእጃችሁ አይለይ። ሻንጣ ቢጠፋ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው የሞንትሪያል ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚካሰው፣ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ወዲህ፣ ቢበዛ 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፣ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ። ይህ ደግሞ የሚቆጠረው በሰው ነው። ሁለቱም ሻንጣ ቢጠፋ ጣሪያው ያው ነው። የተጎዳ ሻንጣ ካለ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ።

የሰው ዕቃ ነገር ወሎ ላይ ከባድ ነው። ጉዞ ያለው ቤት ማታ ማታ በር ይንኳኳል። አንዷ «ለልጄ ይህችን ብቻ» ትላለች፣ አንዱ «አብሽር፣ ግማሽ ኪሎ አትሞላም» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሚዛኑን ሳሎን አስቀምጡት። ሰው በዓይኑ ሲያይ ራሱ ይቀንሳል። የታሸገ ነገር ግን ሳትከፍቱ አትቀበሉ፣ የዘመድም ቢሆን። ካውንተር ላይ «ራስሽ ነሽ ያሸግሽው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ መልሱ እውነት መሆን አለበት። ባዶው ሻንጣ ራሱ አራት አምስት ኪሎ እንደሚመዝንም አትርሱ። 23ቱ ከነሻንጣው ነው።

መሶቡን በካርጎ እልከዋለሁ ለምትሉ፣ ካርጎ በሌላ ሒሳብ ነው የሚሄደው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይባዛል፣ ለ6,000 ይካፈላል። ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የሚከፈለው በእሱ ነው። ወርዱ 60 በ60፣ ቁመቱ 70 የሆነ መሶብ 42 ኪሎ ይመጣል። አራት ኪሎ መሶብ እንደ 42 ኪሎ ይከፈልበታል ማለት ነው። ዋሽንግተን የምትገቡ ከሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ግዙት።