ቲቪ አንጋጦ አይታይም

«ከፍ አድርገህ ሥራልኝ።»

ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ድሬዳዋ ሳቢያን ወዳለው ወርክሾፓችን ቲቪ ስታንድ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ስልኩን ያወጣል። ከኢንተርኔት ያገኘውን ፎቶ ያሳየኛል። ፎቶው ላይ ሰፊ ሳሎን አለ። ቲቪው ግድግዳው ላይ ሽቅብ ተሰቅሏል። ከሥሩ እሳት ይነድዳል።

እሳቱን ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን ጣቴን እሱ ላይ አደርጋለሁ። ይህ የብርድ አገር ቤት ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ዋናውን ግድግዳ የያዘው የማሞቂያ ምድጃ ነው። ሶፋውም የሚዞረው ወደ እሱ ነው። ቲቪ ሲመጣ ሌላ ቦታ ስላጡ ከምድጃው በላይ ሰቀሉት። ለዓይን ስለሚመች አይደለም። ድሬዳዋ ውስጥ ግን ሳሎን የሚፈልገው ቬንቲሌተር እንጂ እሳት አይደለም። አራቱም ግድግዳ የእኛ ነው። ታዲያ የሌለንን ምድጃ ከፍታ ለምን እንዋሳለን?

«ከፍ ሲል ለሁሉም ይታያል» ይሉኛል። ይህ ካፌ ውስጥ እውነት ነው። እዚያ ሰው ይቆማል፣ አስተናጋጅ ይመላለሳል፣ ኳስ ሲኖር ጭንቅላት በጭንቅላት ላይ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ግን ከፊታችሁ የሚቆም ማን አለ?

ገንደ ቆሬ ሰፈር አንዲት እናት ጋ ለበር ሥራ ሄጄ ነበር። አንገታቸውን በሻሽ ጠምጥመው አገኘኋቸው። «ብርድ መታኝ ልጄ» አሉኝ። በዚያ ሙቀት! ማታ ማታ ቅባት እየተቀቡ ነው የሚተኙት። ቀና ስል 43 ኢንች ቲቪ ከቡፌው በላይ፣ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ተሰቅሏል። ልጃቸው ነው የሰቀለው፤ እናቱን ደስ ሊያሰኝ። እሳቸው የሚቀመጡት ደግሞ ከታች ነው። ረከቦቱ አጠገብ ፍራሽ ላይ፣ መከዳ ተደግፈው።

ፈቃድ ጠይቄ እሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ። አገጬ ወዲያው ሽቅብ ሄደ። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። የቲቪው መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ70 ነው። የእሳቸው ዓይን ሲቀመጡ 80 ሳንቲ ሜትር። ሴትየዋ በየማታው ሁለትና ሦስት ሰዓት ያንጋጥጡ ነበር። ከልጃቸው ጋር ተነጋግረን ቲቪውን አወረድነው። ቁመቱ 45 ሳንቲ የሆነ ስታንድ ሠራሁላቸው። ከወር በኋላ መንገድ ላይ አገኙኝና ቅባቱን እንደተዉት ነገሩኝ።

ስለዚህ «የስታንድ ትክክለኛ ቁመት ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። መልሱ ያለው እናንተ የምትቀመጡበት ላይ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለል 1 ሜትር አካባቢ ነው። ለ55 ኢንች ቲቪ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ የሚሆን ስታንድ ይበቃዋል። እኛ አገር ግን ስንቱ ሳሎን ነው በሶፋ ብቻ ያለው? መጅሊስ አለ፣ ፍራሽ አለ። ከሰዓት በኋላ በርጫው የሚደራው እዚያው ወለል ላይ ነው። እዚያ የተደገፈ ሰው ዓይኑ 80 ሳንቲ ቢደርስ ነው። ለእሱ የሶፋ ቤት ስታንድ ከፍ ይልበታል። ሶፋም ፍራሽም ካላችሁ ለፍራሹ አድሉ። ትንሽ ወደ ታች ማየት አንገት አያደክምም፤ ማንጋጠጥ ግን ያደክማል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል፣ «ጊዲር ጋር» በሚባለው ውስጥ፣ አምስት ነደባ አለ። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች ናቸው። ከፍ ባለው ነደባ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑም አብሮት ከፍ ይላል። አንድ ደንበኛዬ ጋ ሄጄ የድሬዳዋውን ቁመት ብሠራለት ኖሮ ተሳስቼ ነበር። ነደባው ላይ አስቀምጬው ለካሁና ስታንዱን ከፍ አደረግኩ። ግድግዳውን ብሳልኝ ብሎኝም ነበር፤ እምቢ አልኩት። የዚያ ቤት ግድግዳ ውበቱ የሚሰቀልበት ስፌትና ጣቄቱ፣ ማለትም ግድግዳው ውስጥ የተሠራው የዕቃ ማስቀመጫ፣ ነው። ስፌት አውርዶ ቲቪ መስቀል ለእኔ ትክክል አይደለም።

ስለ ስታንድ የምሰማቸውን ሌሎች ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«55 ኢንች ስፋቱ ነው።» አይደለም። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተለካ ነው። ስፋቱን በሳንቲ ሜትር ለማግኘት ኢንቹን በ2.2 አባዙት። 43 ኢንች 95 ሳንቲ፣ 55 ኢንች 121፣ 65 ኢንች 143 ይመጣላችኋል። ስታንዱ ከዚህ በግራም በቀኝም ትንሽ ይትረፍ። በዚያ ላይ የዛሬ ቲቪ ብዙውን ጊዜ እግሮቹ ዳርና ዳር ናቸው። ዝግጁ ስታንድ ገዝተው አንዱ እግር አየር ላይ የቀረባቸው ሰዎች ወደ እኔ መጥተው ያውቃሉ። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ቲቪ ስትገዙ በእግሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እዚያው ለኩ።

«ወፍራም እንጨት ካልሆነ አይችለውም።» ይህ የድሮው ባለ ሆድ ቲቪ ዘመን ወሬ ነው። ዛሬ ብዙው 55 ኢንች ቲቪ 15 ኪሎ አካባቢ ነው። ወደ ኋላም 40 ሳንቲ ጥልቀት ይበቃል።

«ምስጥ ኤምዲኤፍ አይበላም።» ይበላል። ኤምዲኤፍ ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት ነው።

«ወለሉ ላይ የተቀመጠ ነው ጠንካራ።» ይህ ድሬዳዋ ላይ ብዙ ገንዘብ ያስከፈለ ስህተት ነው። እኛ ሙቀት ሲበረታ ወለል በውሃ እናጥባለን። ውሃው ከስታንዱ ሥር ይገባል። ኤምዲኤፍ ደግሞ ውሃ ሲያገኘው ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ አይመለስም። የቱቦላሬ እግር አስገቡለት፤ 15 ሳንቲ ከመሬት ያንሱት። መጥረጊያው ከሥር ይገባል። ምስጥ ቢመጣም ብረቱ ላይ ሲወጣ መንገዱ ይታያችኋል።

«ጠንካራ እንጨት አይሰነጠቅም።» ካልደረቀ ይሰነጠቃል። ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። ከደጋ በእርጥቡ የወረደ ጣውላ እዚህ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። አናጢያችሁን ጣውላው መቼ እንደተቆረጠ ሳይሆን መቼ እንደደረቀ ጠይቁት።

«ጀርባውን ዝጋልኝ፣ ሽቦ እንዳይታይ።» ሽቦውን በላስቲክ ቱቦ እሰበስብላችኋለሁ። ጀርባውን ግን አልዘጋም። ሪሲቨሩም ስታብላይዘሩም ራሳቸው ይሞቃሉ። ሳሎኑ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነበት ከሰዓት በኋላ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ «ተቃጠለብኝ» ማለት ምን ይባላል?

አንድ ተቃውሞ ብቻ አክብሬ እሰማለሁ። «ዝቅ ካለ ልጆች ይጎትቱታል» የሚለውን። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ማስረዘም አይደለም። ረጅምና ጠባብ ስታንድ ነው ቶሎ የሚወድቀው። ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል፤ ያኔ ስታንዱም ቲቪውም ልጁ ላይ ይመጣሉ። የእኔም ልጅ በሁለት ዓመቷ መሳቢያ ላይ ቆማ አግኝቻታለሁ፤ አሁንም ሳስበው ልቤ ይደነግጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታንድ ሳደርስ ሁለት ቀበቶና አራት ብሎን ከእኔ ጋር ይሄዳሉ። አንዱ ቀበቶ የቲቪውን ጀርባ ከግድግዳው ጋር ይይዛል፣ ሌላው ስታንዱን። ዋጋ አልጨምርበትም። ልጅ የለንም ያሉኝ ቤትም አስራለሁ፤ እንግዳ ልጅ ይዞ ይመጣል።